ጭላዳ የማትሰማው ርቃ አይደለም፤ የሮቦትና የሪሞት ጥያቄ ከአዘዞ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከክበባችን ልጆች ጋር አራት ጎማ ያላት ሮቦት ሠርተናል። ስሟን ጭላዳ ብለናታል። አካሏ ቆርቆሮ ነው። አርዱይኖ ኡኖ፣ ኤል298ኤን ድራይቨር፣ አራት ቢጫ ሞተሮችና ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሁለት ባትሪዎች አሏት። ሪሞታችን ባለ 6 ቻናል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። የግራና የቀኝ ጎማውን ሚክስ ሪሞቱ ላይ አድርገናል። ኮዱን ዩቲዩብ አይተን ነው የጻፍነው፤ በፐልስኢን ያነባል። ክፍላችን ደጃፍ ሲሚንቶው ላይ ቆንጆ ትሄዳለች። 20 ሜትር ያህል ርቃ ኮረቱ ላይ ስትደርስና ልመልሳት ሳዞራት ግን አልሰማ ትለኛለች። እንደያዘችው ትንሽ ትቀጥልና ድንገት ወደ ኋላ ትፈናጠራለች። ባለፈው ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተጋጭታ አንድ ጎማዋ ተሰበረ። ጠረጴዛ ላይ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ሳገናኛት ምንም ችግር አታሳይም። ጓደኞቼ ድንጋዩ ሞገዱን ይውጠዋል ይላሉ። ራቅ ድረስ የሚሠራ ጠንካራ ሪሞት ብንገዛ ይሻላል? ሌላው ደግሞ፣ ወደ እኔ ስትመጣ ግራና ቀኝ ይምታታብኛል። ለወላጆች ቀን ልናሳያት እንፈልጋለን።»

እህቴ፣ ሪሞት አትግዙ። ገንዘባችሁን ያዙት። ጭላዳ የማትሰማው ርቃ አይደለም። የማትሰማው ስትዞር ነው።

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ፒያሳ ጥገና ቤቴ ብዙ ሰው ዕቃ ይዞ ይመጣል። «ምን ሆነ?» ስለው «አልሠራ አለ» ይለኛል፣ በቃ። አንቺ ግን የት ስትደርስ፣ ምን ስታደርጊ፣ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምትሆን በተራ በተራ ጽፈሻል። ሮቦቷን ሳላያት ደፍሬ የምመልስልሽ ለዚህ ነው።

እስኪ አብረን እንየው። ሲሚንቶው ላይ ችግር የለም። ኮረቱ የሚጀምረው 20 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ አጥር አለ፣ ስለዚህ እዚያው ታዞሪያታለሽ። ሦስት ነገር አንድ ቦታ ላይ ተገጣጠመ ማለት ነው፤ ርቀቱ፣ ኮረቱና መዞሩ። እናንተ ርቀቱን ጠረጠራችሁ። እኔ የምጠረጥረው ሌሎቹን ሁለቱን ነው።

ጭላዳ ስትዞር አንድ ቀን ጎንበስ ብለሽ ጎማዎቿን እያቸው። የመኪና የፊት ጎማ ይታጠፋል፤ የእሷ አይታጠፍም። አንዱ ጎን ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በግድም ትዞራለች። ለመዞር አራቱም ጎማዎች ወደ ጎን መንሸራተት አለባቸው። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታሉ። ኮረት ላይ ግን ጠጠሩ ውስጥ ይሰነቀራሉ። ጠጠሩን ገፍተው፣ ቆፍረው ነው መዞር የሚችሉት። ሞተሮቹ ያኔ ይታፈናሉ። የታፈነ ሞተር ደግሞ በነፃ ከሚዞር ሞተር ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። አራቱም በአንድ ጊዜ ሲስቡ አስቢው።

ያ ሁሉ የሚመጣው ከላፕቶፕ ከወጡት ሁለት ባትሪዎች ነው። 18650 የሚባሉት እነዚህ ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 3.7 ቮልት ናቸው፤ ሞልተው 4.2 ይደርሳሉ። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 7.4 ይሆናል። በቴስተር ብትለኪያቸው ሙሉ ሊመስሉሽ ይችላሉ። ያረጀ ባትሪ ግን ሥራ ሳይጠየቅ ነው ሙሉ የሚመስለው። ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ ስለጨመረ፣ ብዙ ከረንት ሲጠየቅ ቮልቱ ዝቅ ይላል። ሞተሩ ሲያርፍ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ችግሩን ጠረጴዛ ላይ ፈልገሽ አታገኚውም።

ቀጥሎ ሞተሮቹን የሚነዳው ድራይቨሩ። ኤል298ኤን ቦርዱ ላይ 5 ቮልት የምታወጣ ትንሽ ሬጉሌተር አለች። ዩቲዩብ ላይ የሚታዩት ሥዕሎች አብዛኞቹ አእምሮዋ የሆነውን አርዱይኖውንም፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨሩንም ከእሷ ነው የሚያበሉት። እናንተም እንደዚያ እንዳያያዛችሁ እገምታለሁ። ይህቺ ሬጉሌተር 5 ቮልት እንድታወጣ ወደ 7 ቮልት ገደማ መግባት አለበት። ባትሪው ለቅጽበት ወደ 5 ቢወርድ እሷ 3 ቮልት ምናምን ብቻ ነው የምታወጣው። ሪሲቨሮች ብዙውን ጊዜ ከ4 ቮልት በታች ሲሆንባቸው ይጠፋሉ። አርዱይኖ ኡኖው ግን አይጠፋም። ቮልቱ ወደ 2.7 እስኪወርድ ድረስ ቺፑ ሥራ ላይ ነው።

እዚች ጋ ቆም በይ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። ጆሮዋ ተኝቷል፤ አእምሮዋ ግን ነቅቶ ጎማ ያዛል። ለሮቦት ከዚህ የሚያስፈራ ሁኔታ የለም።

«እንደያዘችው ትንሽ ትቀጥልና ድንገት ወደ ኋላ ትፈናጠራለች» ያልሽውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። ምክንያቱም ኮዳችሁን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ሪሲቨሩ ለእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል አጭር ምት ይልካል። የሪሞቱ ስቲክ (በጣት የምትገፊው ዘንግ) መሃል ሲሆን ምቱ 1500 ማይክሮሰከንድ ይረዝማል። ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ስትገፊው 2000፣ ወደ ኋላ ስትስቢው 1000 ይሆናል። ፐልስኢን የዚህን ምት ርዝመት ነው የሚለካው። ምት ካልመጣ ይጠብቃል። ስንት እንደሚጠብቅ ካልነገራችሁት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይጠብቃል። እናንተ የምታነቡት ሁለት ቻናል ነው። ሪሲቨሩ ሲጠፋ አርዱይኖው ለግራው አንድ ሰከንድ፣ ለቀኙ አንድ ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሮቹ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዘው ይቀጥላሉ። «ትንሽ ትቀጥልና» ያልሽው ይኸው ነው።

ጥበቃው ሲያልቅ ፐልስኢን ዜሮ ይዞ ይመጣል። ዜሮ ማለት «ምንም አላገኘሁም» ማለት ነው። ኮዱ ግን ይህን አልተነገረውም። የተነገረው 1000 ማለት በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ እንደሆነ ነው። ዜሮ ደግሞ ከ1000 ያንሳል። ስለዚህ ለኮዱ ዜሮ ማለት «ወደ ኋላ፣ ያለሽን ሁሉ» ነው። ሚክሱን ሪሞቱ ላይ ስላደረጋችሁት ሁለቱም ጎን እኩል ዜሮ ያነባሉ፣ ቀጥ ብላም ወደ ኋላ ትፈናጠራለች። ልትመልሻት ፊቷን ወደ አንቺ እያዞርሽ ነበር። ከኋላዋ የቀረው አጥሩ ነው።

የዩኤስቢውም ነገር ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ከላፕቶፑ ጋር ስታገናኚያት አርዱይኖውና ሪሲቨሩ የሚበሉት ከላፕቶፑ ነው። ሞተሮቹ ባትሪውን የፈለጉትን ያህል ቢያጨናንቁት ጆሮዋን አይነካውም። በዚያ ላይ ጠረጴዛ ላይ ኮረት የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ መረጋገጥ አለበት። የሚፈጀው አንድ ከሰዓት ነው። ጭላዳን ይዘሽ ኮረቱ ጋ ሂጂ፣ ከሦስት ሜትር አትራቂ፣ እዚያው አዙሪያት። ሦስት ሜትር ላይ ሆና አልሰማ ካለችሽ የርቀት ወሬ አበቃ። ስታዞሪያት አንድ ጓደኛሽ የሪሲቨሩን መብራት ብቻ በስልክ ይቅረጽ። ያቺ ትንሽ መብራት ሪሲቨሩ ሪሞቱን ሲሰማ ቦግ ብላ ትቆያለች። ስትዞር ከጠፋች ወይም ብልጭ ድርግም ካለች ሌባው ተያዘ። ቴስተር በዚህ ጊዜ ብዙ አይረዳችሁም። ቮልቱ የሚወርደው ለጥቂት ቅጽበት ነው፤ የተለመደው ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩን ቀይሮ እስኪያሳይ ነገሩ አልፏል። ከቴስተሩ ይልቅ መብራቷን እመኑ።

ከዚያ ተቃራኒውን ሞክሩ። ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ ብሎኬት ላይ አስቀምጧት። አንቺ ሪሞቱን ይዘሽ 20፣ 40፣ 60 ሜትር ራቂ፤ ጓደኛሽ ጎማው መታዘዙን እየጮኸ ይንገርሽ። እዚያ ድረስ ከታዘዘች ሞገዱ ጤነኛ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፓወርባንክ ያለው ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ፓወርባንኩን በዩኤስቢ ገመድ አርዱይኖው ላይ ሰኩ፣ ሪሲቨሩን ከአርዱይኖው 5 ቮልት አብሉት። ከድራይቨሩ 5 ቮልት ወደ አርዱይኖ የሚመጣውን ሽቦ ንቀሉት፤ ሁለት ምንጭ በአንድ ላይ አይሰካም። የማይነሱን ሽቦ ግን እንዳትነቅሉት! የድራይቨሩ፣ የአርዱይኖውና የሪሲቨሩ ማይነስ የግድ አንድ ላይ መያያዝ አለበት፤ ካልሆነ ምቶቹን የሚያነብ የለም። አንዳንድ ፓወርባንክ ትንሽ ከረንት ብቻ ሲሳብበት «ስልኩ ሞላ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ለአስር ደቂቃ ሞክሩት። ከጠፋ ሌላ ፈልጉ። ይህ ላፕቶፑ ያደረገላችሁን ነገር ሮቦቷ ተሸክማው እንድትሄድ ማድረግ ነው።

ባትሪዎቹንም ጊዜ ስታገኙ ቀይሯቸው። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ይሁኑ። ሦስት አታድርጓቸው። ቢጫዎቹ ሞተሮች ከ3 እስከ 6 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ በ11 ቮልት ቶሎ ይቃጠላሉ። ባትሪ ደግሞ ሰው በሌለበት ቻርጅ አይደረግም። እኛ አገር መብራት ማታ ሄዶ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ይመጣል። «መብራት ሲመጣ ይሞላ» ብሎ ሰክቶ መተኛት በሊትየም ባትሪ አይሆንም። ያበጠ ወይም ስትነኪው የሚሞቅ ባትሪ ካለ አትጠግኑት፣ ከቤት አውጡት።

እግረ መንገዳችሁን በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግር መካከል አንድ 104 ካፓሲተር በይዱበት። ቢጫዎቹ ሞተሮች ብሩሽ ስላላቸው ውስጣቸው ብልጭታ አለ። ያ ብልጭታ የሚፈጥረው ረብሻ በሽቦው ሄዶ ሌሎቹን ይበጠብጣል፤ ካፓሲተሩ እዚያው ሞተሩ ላይ ያስቀረዋል።

አሁን ወደ ኮዱ። ፐልስኢንን ሦስተኛ ቁጥር ስጡት፤ 25000 ማይክሮሰከንድ በቂ ነው። ምቱ በየ20 ሺህ ማይክሮሰከንዱ ስለሚመጣ ከዚያ በላይ መጠበቅ ትርጉም የለውም። ከዚያ ያነበበው ቁጥር ከ900 በታች ወይም ከ2100 በላይ ከሆነ ሁለቱንም ሞተር ዜሮ አድርጉ። ምልክቱ ሲመለስም ወዲያው አትነሣ። ስቲኩ መሃል መመለሱን አይታ ነው መነሣት ያለባት። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሮቦቷ ስትቆም ሰው ይደነግጣል፣ ስቲኩን ወደ ፊት ይገፋል፣ ይገፋል። ምልክቱ ሲመለስ ጣቱ እስከ መጨረሻው ገፍቶታል። ሮቦቷን ሊያነሣ የቀረበው ልጅ ደግሞ አጠገቧ ነው።

የኮዱ ለብቻው አይበቃም። ሪሲቨሮች ሪሞቱን ሲያጡ የሚያደርጉት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ምቱን ያቋርጣል፤ ይህን ኮዳችሁ ያውቀዋል። አንዳንዱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይደጋግማል። አንዳንዱ ደግሞ አስቀድሞ የተሰጠውን ቦታ ይልካል። የመጨረሻውን የሚደጋግመው በጣም አደገኛ ነው፤ ምቱ ሙሉና ጤነኛ ስለሆነ አርዱይኖው ሪሞቱ መጥፋቱን በምንም ሊያውቅ አይችልም። እንደ ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ያሉ ሪሞቶች ማውጫቸው ውስጥ ፌይልሴፍ የሚል ቦታ አላቸው። እዚያ ገብታችሁ የግራና የቀኙን ቻናል ስቲኩ መሃል እያለ አስቀምጡት። ሪሞቱ ሲጠፋ ሪሲቨሩ ራሱ «ቁሚ» ይላታል።

ይህን እንዲህ አጥብቄ የምነግርሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሮቦት ላሳይ ሄድኩ። ሮቦቷ ከባድ ነበረች፤ ሞተሮቿ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ናቸው። ሪሲቨሩን ከሪሞቱ ጋር ባይንድ ያደረግሁት፣ ማለትም ያጣመርሁት፣ በዋዜማው ማታ ሱቅ ውስጥ ነው። ያ ሪሲቨር ባይንድ ሲደረግ ስቲኩ ያለበትን ቦታ እንደ ፌይልሴፍ ይመዘግብ ነበር። ሪሞቱ የአውሮፕላን ዓይነት ስለሆነ የግራ ስቲኩ ስፕሪንግ የለውም። ያን ማታ ወደ ታች ወርዶ ቀርቷል። እኔ አላየሁትም።

በማግስቱ ሁሉም ቆንጆ ሆነ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሮቦቷ ቆማለች። እኔ ሪሞቱን በአውራ ጣቴ ቀጭ አድርጌ አጠፋሁት፣ ሮቦቷን ከማጥፋቴ በፊት። ወዲያው ወደ ኋላ ተነሣች። ከኋላዋ መሬት ላይ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ነበር። እግሩን ሲሰበስብ የአንድ እግሩ ኮንጎ ጫማ ወልቆ ቀረ። ጎማው ጫማውን ያዘው፣ አጠፈው፣ ከሥሩ አስገባው። ሮጬ ደርሼ ገመዱን ስነቅል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ደህና ነው። እኔ ግን ያቺን የተጣጠፈች ጫማ እስካሁን አልረሳኋትም።

ስለዚህ ስትጀምሩ መጀመሪያ ሪሞቱ ይብራ፣ ቀጥሎ ሮቦቷ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ሮቦቷ ትጥፋ፣ በመጨረሻ ሪሞቱ። ሁልጊዜ። ደግሞ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ብሎኬት ላይ አስቀምጧት፣ ጎማዎቿን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት አስኪዱ፣ ከዚያ ሪሞቱን አጥፉት። ወዲያው መቆም አለባት። ካልቆመች ያን ቀን መሬት አትረግጥም። የሪሞቱን የባትሪ ድንጋዮችም እዩዋቸው፤ ቲት ቲት ማለት ሲጀምር ጨዋታው ቆሞ ድንጋዩ ይቀየራል።

ጓደኞችሽ ስለ ድንጋዩ ያሉት ደግሞ ፍጹም ስህተት አይደለም። ድንጋይ በአንቺና በሮቦቷ መካከል ከሆነ ሞገዱን በጣም ያዳክመዋል። አንቺ ከፋሲል ግንብ አጥር ውጪ ቆመሽ ሮቦቷ ውስጥ ብትሆን ያን ወፍራም ግንብ አልፎ ይደርሳል ብዬ አልምልልሽም። የእናንተ አጥር ግን ከሮቦቷ ወዲያ ነው፤ በመካከላችሁ ባዶ ሜዳ ነው ያለው። ከኋላ ያለ ድንጋይ የሚውጠው ነገር የለም።

ከድንጋዩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው። ሪሲቨሩ ከነአንቴናው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቀብሯል? ቆርቆሮ ለሬዲዮ ሞገድ ዝግ በር ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። የሪሲቨሩ አንቴና የሚሰማው ጫፉ ላይ ባለችው የሩብ ሞገድ ያህል፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነችው ነው። ቀሪው ገመድ ብቻ ነው። ያቺን ጫፍ ከቆርቆሮው በላይ አውጧት። የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት። ሁለት አንቴና ካለው አንዱ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሌላው ይጋደም። አትጠቅልሏት፣ አትቁረጧት።

በአንቺ በኩል ደግሞ የሪሞቱን አንቴና ጫፍ እንደ ጠመንጃ ሮቦቷ ላይ አትደግኚ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሞገዱ ግን በጫፉ አይወጣም፤ ከጎንና ከጎኑ ነው የሚወጣው። ሮቦቷ የአንቴናውን ጎን ትይ። ስለ «ጠንካራ ሪሞት» ደግሞ ይህን ብቻ ልንገርሽ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጉልበት አንድ አራተኛ ነው። ርቀትሽን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጉልበት መግዛት አለብሽ። እንደ እናንተ ዓይነት ሪሞት የሚያወጣው ከ100 ሚሊዋት አይበልጥም፣ ያም ሆኖ ለትምህርት ቤት ሜዳ ይተርፋል። የእስክሪብቶ ቀፎው በነፃ ይሻላችኋል።

ወደ መንዳቱ እንምጣ። መጀመሪያ የትኛውን ስቲክ ነው የምትነጂበት? የአውሮፕላን ዓይነት ሪሞት ከሆነ የግራው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ አይመለስም፤ የተውሽበት ይቀራል። ለአውሮፕላን ጥሩ ነው፣ ለመሬት ሮቦት ግን አይሆንም። ሁሉንም የቀኙ ላይ አድርጉት። ጣትሽን ስታነሺ ራሱ መሃል ይመለሳል፣ እሷም ትቆማለች።

ሚክሱን አስተካክሉት። ኤለቨን የሚባለው ሚክስ የስቲኩን ፊትና ኋላ ከግራና ቀኙ ጋር ለአንዱ ጎን ይደምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል። ፊት 60፣ መዞር 20 ብትይ አንዱ ጎን 80፣ ሌላው 40 ያገኛል። ሁለቱንም 100 ካደረጋችሁት ግን በሙሉ ፍጥነት ስትሄድ መሪው ይደክማል። ምክንያቱም 100 ላይ 30 ብትጨምሪ 130 የሚባል ኃይል የለም፤ ተቆርጦ 100 ይሆናል። ፊቱን 70፣ መዞሩን 30 አድርጉት። ድምሩ ከ100 አያልፍም። መዞሩ ዝቅ ሲል ኮረቱ ላይ ሞተሮቹም ያን ያህል አይታፈኑም። ሪሞቱ ኤክስፖ ካለው ወደ 40 አድርሱት፤ መሃል አካባቢ ስቲኩ ለስላሳ ይሆናል።

ስቲኩን በአውራ ጣት ብቻ አትግፊው። አውራ ጣትሽን ጫፉ ላይ፣ አመልካች ጣትሽን ከጎኑ አድርገሽ እንደ ጨው ቁንጥር ያዢው። ልዩነቱን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ታውቂዋለሽ። አውራ ጣት ብቻውን ሲሆን ይንሸራተታል፣ ሲደነግጥም ይገፋል። በሁለት ጣት ሲያዝ ግን ሚሊሜትር በሚሊሜትር ይሄዳል።

የግራና የቀኙ መምታታት የሁሉም ሰው ነው፣ እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። ወደ አንቺ ስትመጣ የእሷ ቀኝ ያንቺ ግራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰውነትሽን እሷ ወደምትሄድበት አዙሪ፣ በትከሻሽ በኩል ወደ ኋላ እያየሻት ንጂ። ያኔ ግራሽና ግራዋ አንድ ይሆናል። ቀስ በቀስ መዞሩን ትተይዋለሽ። በቆርቆሮው የፊት ጫፍ ላይ ደማቅ ቀይ ቀለም፣ ከኋላ ነጭ ቀቡ። ከ20 ሜትር ላይ ፊቷን ከጀርባዋ መለየት አለመቻል አንዱ የመምታታቱ ምክንያት ነው።

ለልምምድ ሁለት ሃይላንድ አሸዋ ሙሉና አራት ሜትር አራርቃችሁ አቁሙ። መጀመሪያ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀጥ ብላ በኋላዋ ትመለስ። ከዚያ ሁለቱን ጠርሙስ እየዞረች ስምንት ቁጥር ትሥራ። ስምንት ቁጥር ጥሩ የሚሆነው ግማሹን ሄዳ፣ ግማሹን መጥታ ስለምትሠራው ነው፤ አእምሮሽ ሁለቱንም በአንድ ዙር ይማራል። በጣም ዝግ ባለ ፍጥነት ጀምሪ። ጠርሙስ ሳትነኪ አሥር ዙር ስትጨርሺ ፍጥነት ትጨምሪያለሽ። ሲምታታብሽ ደግሞ መፍትሔው ማዞር አይደለም። ጣትሽን አንሺ፣ ትቁም፣ እያት፣ ከዚያ ቀጥይ።

ለወላጆች ቀን ሜዳውን በገመድ ክለሉት። ሰው ከገመዱ ውጪ ይቁም፣ ሕፃናት መሬት ላይ አይቀመጡ። የሰው ሰውነት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይመጠዋል፤ ሰው በአንቺና በጭላዳ መካከል ግጥም ብሎ ከቆመ ምልክቱ ይደክማል። ወንበር ላይ ወይም ደረጃ ላይ ቆመሽ ንጂ። የብዙ ሰው ስልክ ዋይፋይ በአንድ ላይ መሆኑ ብዙ አያስጨንቅሽ፤ እነዚህ ሪሞቶች በዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ውስጥ ከአንዱ ድግግሞሽ ወደ ሌላው እየዘለሉ ነው የሚሠሩት። አንድ ጓደኛሽ ደግሞ ከሮቦቷ ጎን ይሁን፣ ሥራው የሮቦቷን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ይሁን። ማብሪያ ማጥፊያው ከላይ፣ በእጅ በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ ከሆዷ ሥር አይሁን።

ይህ ሲሳካ የክበባችሁ ልጆች ቀጥሎ «ድሮን እንሥራ» ማለታቸው አይቀርም። ሪሞቱ አንድ ዓይነት ቢመስልም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ድሮን በአገራችን ያለ ፈቃድ አይነሣም። አስቀድማችሁ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ጠይቁ።

አሁን ግን በቅድሚያ የሦስት ሜትሩን ሙከራ አድርጉ። ምንም ሳትቀይሩ፣ እንዳለች። የሪሲቨሩ መብራት ጎልቶ እንዲታይ ቆርቆሮውን ክፈቱት፣ ስልኩን አቅርባችሁ ቅረጹት። ከዚያ ፓወርባንኩን ሰክታችሁ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ መዞር ድገሙት። ሁለቱን ቪዲዮ ላኪልኝ። ፓወርባንክ ተሰክቶም መብራቷ ከጠፋች የሪሲቨሩ ሽቦ ራሱ ላልቶ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ አብረን እናየዋለን።